ክፍት ጉድጓድ አሲድ የሌለው ማማ ነው፦ «ዩሪያ ከባዮጋዝ ዝቃጭ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ነበር። ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ከባዮጋዝ ማብላያ (እበት አየር በሌለበት ተብላልቶ ጋዝ ከሚሰጥበት ጉድጓድ) የሚወጣው ዝቃጭ በአሞኒያ የበለጸገ ነው፤ አሞኒያውንም ማብላያው ራሱ ያመርተዋል። ዝቃጩን አሙቀው አየር ቢነፉበት አሞኒያው ይለቃል። በሰልፈሪክ አሲድ ሲይዙት ማዳበሪያ ይሆናል። ሥራው ቀላል ነው። እነ ኔዘርላንድስ ገብተውበታል። እኛም በየማብላያው አጠገብ ይህን ሥራ የሚሠራ አንድ አንድ ማማ ብንተክል ዩሪያ ከውጭ መግዛት እንተዋለን፤ ጎዴ ላይ ለታቀደው የዩሪያ ፋብሪካ የሚወጣውም ገንዘብ ይተርፋል። ዝቃጩን እንዳለ ማሳ ላይ መድፋት ግን ኋላቀርነት ነው። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህንን ነው።

ጸሐፊው በጉጉት ነው የጻፉት። ስለ ዝቃጭ ናይትሮጅን ማንም ዞር ብሎ በማያይበት አገር ይህን ያህል ርቀው መሄዳቸው ራሱ ደስ ይላል። ግን ከሞላ ጎደል በሁሉም ነጥብ አልስማማም። ኬሚስትሪው ላይ ብዙም ጥል የለኝም። ጥሌ ከሒሳቡ ጋር ነው።

ማብላያው አሞኒያ ያመርታል የሚለው በቶሎ የሚታለፍ ነው። ግን ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ይጣመማል። ማብላያ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅን አይፈጥሩም። በእበት፣ በሽንትና በምግብ ትራፊ ውስጥ ታስሮ የቆየውን ነው የሚፈቱት። የተፈታው አሞኒየም ሆኖ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ጋዙ በአብዛኛው ሜቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ናይትሮጅኑን ይዞት አይሄድም። የገባው ያህል ይወጣል፤ አንዲት ግራም አይጨምርም። የሚለወጠው መልኩ ነው። ትኩስ እበት ውስጥ እያለ ተክሉ አብዛኛውን ወዲያው ሊወስደው አይችልም። ከማብላያው ሲወጣ ግን ግማሽ ያህሉ ሥር ሊመጠው በሚችል መልክ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እበቱን ኩበት አድርገን ብናነደው ኖሮ ይኸው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር በሄደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው የረጲ ቆሻሻ ማቃጠያም ናይትሮጅኑን ወደ አየር ነው የሚሰደው። ባዮጋዝ እሳቱንም ይሰጣል፣ ማዳበሪያውንም ያስቀራል።

ቀጥሎ የመጣው ሥራው ቀላል ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፈሳሹ ውስጥ ይህ ናይትሮጅን ሁለት መልክ አለው። አንዱ አሞኒየም ነው፤ ውሃው ውስጥ ይቀመጣል፣ አይተንም። ሌላው አሞኒያ ነው፤ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ጋጣ ስትገቡ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስኑት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) እና ሙቀት ናቸው፤ ሁለቱም ከፍ ሲሉ አሞኒያው ይበዛል። የዝቃጩ ፒኤች 8፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ቢሆን በአሞኒያ መልክ የሚገኘው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ በግማሽ እንዲሆን ፒኤቹ 9.25 መድረስ አለበት። ስለዚህ ማማው እንዲሠራ ወይ ኖራ ወይ ኮስቲክ ሶዳ ይጨመራል፣ ወይ ይሞቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም። ኖራ ርካሽ ነው። ግን ዝቃጩ ውስጥ ካለው ካርቦኔት ጋር ተዋሕዶ የማማውን ሆድ በነጭ ቅርፊት ይደፍነዋል። ኮስቲክ ሶዳ ያን ያህል አይደፍንም፤ ዋጋው ግን ሌላ ጉድ ነው። ሶዲየሙም በመጨረሻ ማሳው ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ማሞቁን እናስላ። አንድ ሜትር ኪዩብ ዝቃጭ ከ25 ወደ 70 ዲግሪ ለማድረስ 188 ሜጋ ጁል ያስፈልጋል። አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሒሳቡ የውሃ ሒሳብ ነው፤ ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል። በቤተሰብ ማብላያ እበትና ውሃ እኩል በእኩል ነው የሚደባለቀው። ከዚህ ድብልቅ አንድ ሜትር ኪዩብ የሚገኘው ጋዝ 20 ሜትር ኪዩብ ቢሆን ነው። የአንድ ሜትር ኪዩብ ባዮጋዝ ጉልበት ደግሞ 21 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። ለማሞቂያ ብቻ 9 ሜትር ኪዩብ ሄደ ማለት ነው። ግማሹ ሊሞላ ምን ቀረው? እሱም ምድጃው ምንም ሙቀት ካላባከነ። ወጥ የሚሠራበትን፣ እናቶችን ከእንጨት ለቀማና ከጭስ ያሳረፈውን ጋዝ ግማሹን አሞኒያ ለማባረር እናንድደው እየተባልን ነው።

በለውጡ ምን እናገኛለን? እንዲህ ባለ ዝቃጭ ውስጥ በሊትር አንድ ግራም ገደማ በአሞኒየም መልክ ያለ ናይትሮጅን ይኖራል። በሜትር ኪዩብ 1 ኪሎ መሆኑ ነው። ዘመናዊ ፋብሪካ ከተፈጥሮ ጋዝ አሞኒያ ሲሠራ ለ1 ኪሎ ናይትሮጅን የሚያወጣው ጉልበት 40 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። እኛ ማሞቂያው ላይ ብቻ 188 ጨርሰናል። የነፋሹንና የፓምፑን መብራት ገና አልቆጠርኩም። ሙቀቱን ከሚወጣው ፈሳሽ ወደሚገባው ማስተላለፍ ይቻላል አትሉኝም? ይቻላል። ትልልቅ ጣቢያዎች ያደርጉታል፤ ያኔ ሒሳቡ በደንብ ይሻሻላል። ግን ሙቀት መለዋወጫ፣ ፓምፕ፣ ነፋሽ፣ አሲድ የሚችል ታንከር፣ ይህ ሁሉ አራት ከብት ባለው ገበሬ ጓሮ?

አሲዱም አለ። 1 ኪሎ ናይትሮጅን ለመያዝ 3.5 ኪሎ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጃል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። እሱን ለመተካት 161 ኪሎ አሲድ ማለት ነው። አዋሽ መልካሳ ላይ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ አለን፤ እሰየው። ግን አሲዱን በጀሪካን እያደረጉ በየቀበሌው ማድረስ፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ማስቀመጥ፣ ጸሐፊው ይህን በአንድ ሐረግ ነው ያለፉት። ቆዳ የሚበላ ነገር ነው እኮ!

ከሁሉም የገረመኝ ግን የምርቱ ጉዳይ ነው። ከማማው የሚወጣው ዩሪያ አይደለም። ጸሐፊው ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥረዋቸዋል። የሚወጣው አሞኒየም ሰልፌት ነው፤ ናይትሮጅኑ 21 በመቶ፣ ድኙ 24 በመቶ። የአንድ ኩንታል ዩሪያ ናይትሮጅን ለማግኘት ከሁለት ኩንታል በላይ ያስፈልጋል። እሱም ከደረቀ ነው። ከማማው የሚወጣው ፈሳሽ ስለሆነ ለማድረቅ ሌላ እሳት ይፈልጋል።

ክብደቱስ ይሁን፤ አፈሩን ምን እናድርገው? ከአገራችን የእርሻ መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ መሆኑ በግብርና ሰዎች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚነገር ቁጥር ነው። ጎጃም ሂዱ፣ ወለጋ ሂዱ፤ ገበሬው ኖራ አልደረሰኝም እያለ የሚማረርበት መሬት ነው። አሞኒየም ሰልፌት ደግሞ ከተለመዱት የናይትሮጅን ማዳበሪያዎች ውስጥ አፈርን አሲዳማ በማድረግ ከፊት የሚሰለፍ ነው። በዩሪያ የተሰጠ 1 ኪሎ ናይትሮጅን የሚያመጣውን አሲድ ለማርከስ 1.8 ኪሎ ገደማ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይበቃል። ያው 1 ኪሎ በአሞኒየም ሰልፌት ከተሰጠ ከ5 ኪሎ በላይ ያስፈልጋል። እንግዲህ ኖራው ራሱ በሌለበት ቦታ ኖራ በሦስት እጥፍ የሚያስፈልገውን ማዳበሪያ ልናስገባ ነው።

ድኙ ጥቅም የለውም አልልም። ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ ቀርቶ ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ የመጣው አንዱም ምክንያት ብዙው አፈራችን ድኝ ስላነሰው ነው። ፒኤቹ ከፍ ባለው የስምጥ ሸለቆ አፈር ላይ፣ በባቱ አካባቢ በጠብታ መስኖ ለሚያመርቱት አበባና አትክልት፣ አሞኒየም ሰልፌት ሸጋ ማዳበሪያ ነው። አሲዳማ ለሆነው የደጋ ማሳ ግን አይሆንም። ጽሑፉ ይህን ልዩነት አያውቀውም።

ወደ ኔዘርላንድስ እንምጣ። ጽሑፉ ደቾች ናይትሮጅን አንሷቸው ከዝቃጭ የሚለቅሙ ያስመስላል። ነገሩ ግልባጩ ነው፤ በዝቶባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአውሮፓ የናይትሬት መመሪያ፣ ውሃ ለብክለት በተጋለጠባቸው አካባቢዎች ከእንስሳት ፍግ የሚመጣ ናይትሮጅን በዓመት በሄክታር ከ170 ኪሎ እንዳይበልጥ ይገድባል። ደች ገበሬዎች ከዚያ በላይ እንዲጠቀሙ ተሰጥቷቸው የነበረው ልዩ ፈቃድም በ2022 ውሳኔ ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ተደርጓል። ከብቱ ብዙ፣ መሬቱ ጥቂት። ገበሬው ፍጉን ለሚወስድለት ሰው ገንዘብ ይከፍላል! እዚያ የማማ ዋና ጥቅም ማዳበሪያ ተሽጦ የሚገኘው ገንዘብ አይደለም፤ ለማስወገጃ ሊከፈል የነበረው መትረፉ ነው። ሕጉም እየተከፈተ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን የጋራ የምርምር ማዕከል በ2020 ባወጣው ጥናት፣ እንደ አሞኒየም ሰልፌት ያለ ከፍግ ተጣርቶ የወጣ ናይትሮጅን ከ170 ኪሎው ገደብ በላይ መጠቀም የሚቻልበትን መስፈርት አቅርቧል። እኛ ዘንድ ፍግ በዝቶብኝ አላስቀምጥም አለኝ፣ ከፍዬ ላስነሳው የሚል የስንዴ ገበሬ የት አለ?

ደቾች ከማማው በፊት ምን እንዳደረጉ ደግሞ ጸሐፊው አላነሱትም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ፈሳሽ ፍግ ማሳ ላይ እንዲሁ መርጨትን ከለከሉ። አፈር ውስጥ ይግባ ወይም ወዲያው ይታረስ አሉ። ዴንማርኮች ደግሞ አሲዱን በቀጥታ ፍጉ ላይ ይጨምሩታል። ፒኤቹ ሲወርድ አሞኒያው አሞኒየም ሆኖ ይቀመጣል። ማማ የለ፣ ማሞቅ የለ። አሲዱን ወደ እኛ ገበሬ ጓሮ አምጡት አልልም። ልብ በሉልኝ የምለው ቅደም ተከተላቸውን ነው። መጀመሪያ እንዳይበን ያዙት። ማውጣት ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ይህ ዝቃጩን እንዳለ መጠቀም ኋላቀርነት ነው ወደሚለው ያመጣኛል። የተናደድኩትም እዚህ ላይ ነው።

አንድ 6 ሜትር ኪዩብ ማብላያ ያለው ቤተሰብ በቀን 40 ኪሎ ገደማ እበት ያስገባል እንበል። እበቱ ውስጥ 0.4 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖር በቀን 160 ግራም፣ በዓመት 58 ኪሎ ይሆናል። ግርድፍ ስሌት ነው፤ ከብቱ እንደሚበላው መኖ ከፍም ዝቅም ይላል። ከአንድ ኩንታል ዩሪያ በላይ ናይትሮጅን ነው። የላሞቹ ሽንት ወይም የሽንት ቤቱ መስመር ከተጨመረ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከከብት ከሚወጣው ናይትሮጅን ቀላል የማይባለው ድርሻ በሽንት ነውና። ይህ ሁሉ ያለ አሲድ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ጅቡቲ ወደብ ጓሮ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ኋላቀርነቱ የቱ ላይ ነው?

ችግሩ ቁጭ ብሎ አለመቆየቱ ነው። ብዙ ቦታ የዝቃጩ ጉድጓድ ክፍት ነው። ፀሐይ ይመታዋል፣ ነፋስ ያገኘዋል፣ ፒኤቹ 8 አካባቢ ነው። ጸሐፊው በማማ ሊሠሩት ያሰቡትን ሥራ ይህ ጉድጓድ በነጻ እየሠራው ነው። ልዩነቱ ጫፉ ላይ አሞኒያውን የሚይዝ አሲድ አለመኖሩ ነው። ለመሸከም እንዲቀል ብለው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡትም አሉ። ሲደርቅ እርግጥ ይቀላል፤ አብዛኛው አሞኒያም አብሮ ሄዷል። ማሳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ረጭተው ጥለውት ሲሄዱም በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከአሞኒየሙ ግማሽ ሊጠፋ ይችላል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፤ ምናልባትም ለዚህ ነው ጽሑፍ የማይጻፍበት። ጉድጓዱ ጠበብና ጠለቅ ይበል፤ ፊቱ በሰፋ ቁጥር የሚተነው ይበዛል። ጥላ ወይም ክዳን ይኑረው። ቶሎ የማይወሰድ ከሆነ ገለባ፣ ቅጠል፣ የሰብል ቃርሚያ እየተነጠፈ ዝቃጩ ይደፋበት። ገለባው ፈሳሹን ይመጥጣል፤ ረቂቅ ተሕዋስያኑም አሞኒየሙን ወስደው ገላቸው ያደርጉታል፤ በኮምፖስት መልክ ቀስ ብሎ ይለቀቃል። ትኩሱን ለመጠቀም ደግሞ ማታ ወይም ደመና ሲሆን ይወሰድ። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ በመስመሩ ጎን ቦይ ቀድዶ አፍስሶ ወዲያው አፈር ማልበስ ነው። አፈር ከለበሰ አሞኒየሙን አፈሩ ይይዘዋል። ይህን ያደረገ ገበሬ ማማ ሳይተክል አብዛኛውን ናይትሮጅን አዳነ።

ጸሐፊው ሊያነሱት ይችሉ የነበረ ጠንካራ ክርክር ነበር፤ የሸክሙ ነገር። በቀን 40 ኪሎ እበትና 40 ሊትር ውሃ ከገባ በዓመት 29 ቶን ዝቃጭ ይወጣል፤ አብዛኛው ውሃ። በጀሪካን ተሸክሞ ሩቅ ማሳ ማድረስ አይታሰብም። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ዝቃጩ የሚባክንበት ዋና ምክንያትም ይመስለኛል። ግን መልሱ ማማ አይደለም። ማብላያው ሲቆፈር ከጓሮው ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ዝቃጩ በቦይ ራሱ ይወርዳል። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑ፣ የበቆሎው ጓሮ እሱን ይጠጣ። የተገዛው ዩሪያ ደግሞ ወደ ሩቁ ማሳ ይሂድ። ዩሪያ ለመሸከም ይቀላል፤ ዝቃጭ አይቀልም።

ጽሑፉ በመሃል ስትሩቫይትንም አንስቷል፤ ማግኒዚየም ጨምሮ ናይትሮጅኑን በክሪስታል መልክ ማስቀመጥ ይቻላል ብሏል። ክሪስታሉ እውነት ነው። ግን ናይትሮጅኑ 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንድ አቶም ናይትሮጅን ሲይዝ አንድ አቶም ፎስፈረስም አብሮ ያስራል። ዝቃጭ ውስጥ ደግሞ ናይትሮጅኑ ከፎስፈረሱ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ፎስፈረሱ ያልቅና ናይትሮጅኑ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስትሩቫይት ፎስፈረስ ለማዳን ጥሩ ነው። ለዩሪያ ምትክ ግን አይሆንም።

ስለ ጎዴ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር የተፈራረመው ስምምነት 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ይላል። ያዋጣል አያዋጣም ሌላ ክርክር ነው፤ ጋዝ ከካሉብና ከሂላላ መውጣቱን፣ መንገዱን፣ ጸጥታውን ሁሉ መጠየቅ ይቻላል። ግን በማማ እንተካዋለን? 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ 1.38 ሚሊዮን ቶን ናይትሮጅን ነው። አንድ የቤተሰብ ማብላያ፣ አሞኒየሙ አንድም ሳይባክን ቢያዝ፣ በዓመት 29 ኪሎ ይሰጣል። ወደ 48 ሚሊዮን ማብላያ ያስፈልጋል። በአገሪቱ ካለው ቤተሰብ ቁጥር በላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ አቅዶ 8 ሺህ ገደማ ነው የሠራው።

ታዲያ አሞኒያ ከዝቃጭ ማውጣት የትም አይሠራም? ይሠራል። ጸሐፊው የተሳሳቱት ቦታው ላይ ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ያሉትን ትልልቅ የዶሮ እርባታዎች አስቡ። የዶሮ ኩስ ናይትሮጅኑ ከእበት በብዙ ይበልጣል። ማብላያ ውስጥ ሲገባ አሞኒየሙ በሊትር ከ3 ግራም ሲያልፍ ሜቴን የሚሠሩት ተሕዋስያን መታፈን ይጀምራሉ፤ ጋዙ ይቀንሳል። የተለመደው መላ በውሃ ማቅጠን ነው። ውሃ ደግሞ ይፈጃል፣ ዝቃጩንም ያበዛል። እዚህ ላይ ከፈሳሹ አሞኒያውን አውጥቶ ያንኑ ፈሳሽ ወደ ማብላያው መመለስ ትርጉም አለው። ትርፉ ማዳበሪያው ብቻ አይደለም፤ የሚጨምረው ጋዝም ነው። ጋዙ ጄኔሬተር የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ከሞተሩ የሚባክን ሙቀት አለ፤ ለማሞቂያ ሌላ ጋዝ አይነድም። አሲዱ በአንድ ቦታ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ነው። ፈሳሹን አሞኒየም ሰልፌት ሳያደርቁ የሚወስዱት የአበባ እርሻዎችም ከዚያ ሩቅ አይደሉም። የቄራ ደምና የሆድ ዕቃ ትራፊም በዚሁ ተርታ የሚገባ ይመስለኛል።

ያኔም ቢሆን ከማማው በፊት ሜምብሬኑ ቢሞከር እመርጣለሁ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ለዓመታት የሠሩበት ነው። ውሃ የማያሳልፍ፣ ጋዝ ግን የሚያሳልፍ ቱቦ ዝቃጩ ውስጥ ይነከራል፤ በቱቦው ውስጥ አሲድ ይዞራል። አሞኒያው በቀዳዳዎቹ አልፎ አሲዱ ይይዘዋል። 70 ዲግሪ ማሞቅ የለም፣ ትልቅ ነፋሽ የለም። ቱቦው በቆሻሻ እንዳይደፈን ዝቃጩን አስቀድሞ ማጥለል ግን የግድ ነው።

ጸሐፊው በዚህኛው ላይ ቢጽፉ አንብቤ ለሌላውም አካፍላለሁ። ግን የአንድ እርባታ ቁጥር ይያዙልን፦ ዝቃጩ ውስጥ ያለው አሞኒየም በሊትር ስንት ግራም ነው፣ ከሞተሩ የሚተርፈው ሙቀት ስንት ነው፣ አሲዱ ግቢው በር ላይ ሲደርስ ዋጋው ስንት ነው።